ወደ ውስጥ የሚባለው አዎ

ከሥራ የወጣሁት አጥፍቼ አይደለም፤ የማላስፈልግ ሆኜ ነው። በተሸኘሁበት ቀን ጋቢ አለበሱኝ። አለቃዬ መምህር ብሩክ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ እያስተካከለ «እትዬ ጥሩ፣ እንግዲህ ሰው መሣሪያውን ብቻውን ያናግረዋል። ይህ የእርስዎ ልፋት ነው» አለኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔ ግን ጋቢውን አውልቄ አጣጥፌ በፌስታል ይዤ ከማራኪ ግቢ ታክሲ ተሳፈርኩ።

መሣሪያው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የባሕር ማዶ ሐኪም በራሱ ቋንቋ ይጠይቃል፤ መሣሪያው ጥያቄውን በአማርኛ ለበሽተኛው ይናገራል። በሽተኛው በአማርኛ ይመልሳል፤ መሣሪያው ደግሞ በሐኪሙ ቋንቋ ያሰማል። መልኩ ትልቅ ስልክ ነው፣ በማቆሚያ ላይ የቆመ። የእኔ ሥራ ማስተርጎም አልነበረም፤ የፈረንጅ አፍ አላውቅም። የእኔ ሥራ በሽተኛውን ከመሣሪያው ጋር ማላመድ ነበር። እንዴት እንደሚቀርበው፣ መቼ እንደሚናገር፣ መቼ ዝም እንደሚል አሳየዋለሁ፤ የሚያስቸግረውን ደግሞ አይቼ ለሚሠሩት ልጆች እነግራለሁ።

አሁን ልጄ ብርቱካን ዓረብ አገር ሰው ቤት ገብታለች። ቋንቋቸውን አታውቅም። ከእመቤቷ ጋር የምትግባባው ስልኳ ውስጥ ባለ እንዲሁ ዓይነት አስተርጓሚ ነው። ልትሄድ ስትል «እማ፣ አንቺ ይህን ያህል ዘመን ሰው ስታለማምጂበት የኖርሽው ነገር አይደል? ምኑ ያስፈራሻል?» አለችኝ። የሚያስፈራኝ እሱው ነው። ያኔ አጥርቼ ልነግራት አልቻልኩም። እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምረው።

የዛሪማ ልጅ ነኝ። ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ላይ ቀረብኝ። ባሌ ጎንደር አመጣኝ፣ ብርቱካንን ወለድኩ፣ እሷ ገና ጡት ሳትጥል ባሌ ሞተ። ከዚያ ሐኪም ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ በጽዳት የሠራ ያውቀዋል።

እዚያ ሐኪም ቤት ከባሕር ማዶ ሐኪሞች እየመጡ ጥቂት ወር ሠርተው ይመለሱ ነበር። የሚያስተረጉሙላቸው አያ ድረስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጥንት ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛውን ያነሡት ከሐኪሞች ጋር ሲውሉ ነው። እኔ ያንን ክፍል የምወለውል ስለነበርኩ ሥራቸውን ሳይ እውል ነበር።

አያ ድረስ ወንበራቸውን በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል አያደርጉም። ከበሽተኛው ትከሻ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ጎን ነው የሚቀመጡት። «እኔን ካየ ለእኔ ያወራል። እኔ ደግሞ መድኃኒት የለኝም» ይሉ ነበር። ወደ በሽታው ቶሎ አይገቡም። መጀመሪያ አገሩን ይጠይቃሉ፤ «ዝናቡ እንዴት ሰነበተ? ገብሱ ያዘላችሁ?» ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። አያ ድረስ ሐኪሙን አያዩትም። ሰውየው ስለ ገብሱ ሲያወራ ትንፋሹን፣ እጁን፣ የትኛውን ጎኑን እንደሚደግፍ ያያሉ። ጥያቄው ሲመጣ ግማሹን መልስ ይዘው ይጠብቁታል።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። በሽተኛ አንድ ነገር ባረጋገጠ ቁጥር ጮክ ብለው «አዎ ብላለች» ወይም «አዎ ብሏል» ይላሉ። ምክንያት ነበራቸው። እኛ አገር አዎ ብዙ ጊዜ ከአፍ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚባለው። ሰውየው አየር ሳብ ያደርጋል፣ ቅንድቡ ትንሽ ከፍ ይላል፣ በቃ አለቀ። ለሚያውቀው ከቃል የጠነከረ አዎ ነው። የማያውቀው ግን ሰውየው የደነገጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ይመስለዋል። አንዲት ሐኪም በመጣች ሰሞን አንዷን ገበሬ ስትጠይቃት ሴትዮዋ በየጥያቄው አየር ስትስብ ጊዜ፣ ሐኪሟ የደረት ማዳመጫዋን ይዛ ተነሣች። አያ ድረስ «ተቀመጪ ዶክተር፤ ደረቷ ጤና ነው። እየተስማማችሽ ነው» አሏት። ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን።

የሴት ነገር ሲመጣ እኔን ይጠሩኝ ነበር። «ጥሩ፣ መወልወያውን ተይውና ነይ።» ሴትዮዋ ለእኔ በጆሮዬ ትነግረኛለች፤ እኔ ለአያ ድረስ በደህና ቃል አደርገዋለሁ፤ እሳቸው ለሐኪሙ። በሦስት አፍ የሚዞር ወሬ ነው፣ ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እኔም ሳላውቀው ከእሳቸው ብዙ ነገር ያዝኩ። በኋላ ጉልበታቸው ደክሞ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

መሣሪያውን ያመጡት ማራኪ ካለው ዩኒቨርሲቲ መምህር ብሩክና ተማሪዎቹ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። የመጀመሪያው በሽተኛ ከዳባት የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመሣሪያው እጅ ነሡት።

መሣሪያው «ምን ያምዎታል?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። እናንተስ እንዴት ሰነበታችሁ?»

ሐኪሙ ትርጉሙን ሰምቶ አንድ ነገር ተናገረ። ተማሪው ሳቁን እየዋጠ «ደኅና ከሆኑ ለምን መጡ ነው የሚለው» አለን።

ሽማግሌው ተቆጡ። «ታዲያ ሳላመሰግን፣ ሰላም ሳልል፣ በሽታዬን ልዘረግፍለት ኖሯል? ከብት ነኝ?»

ቀጥላ የገባችው ሴት «ምች መታኝ» አለች። ምች ፀሐይ ላይ ሲውሉ የሚይዝ፣ ከንፈር የሚያቆስል ነገር ነው፤ ማንም ያውቀዋል። መሣሪያው ግን ምች የሚባል ሰው መታኝ አለች ብሎ ተረጎመው። ሐኪሟ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ባሏ ነው ወይ ብላ አስጠየቀች። ባልየው በር ላይ ቆሞ ነበር። «ምነው፣ እኔ ምን አደረግኩ?» አለ።

ደግሞ ልጆቹ መሣሪያውን በክብር እንዲናገር አድርገው ስለሠሩት ሁሉንም ሰው «እርስዎ» ይል ነበር። አንዲት አራስ ከአማቷ ጋር ገባች። «የት ቦታ ያምዎታል?» ሲል ልጅቱ ወደ አማቷ ዞረች፤ ይህ ሁሉ ክብር ለእሷ አይመስላትማ። አማትየዋም «ጉልበቴን ነዋ» አሉ። ሐኪሙ የአራሷን ጉልበት ሲያገላብጥ ልጅቱ በሐፍረት ልትሞት ደረሰች።

እኔ መወልወያዬን ይዤ ጥግ ላይ እየሳቅኩ ነበር። በማግስቱ መምህር ብሩክ መጥቶ «እትዬ ጥሩ፣ ትናንት ሲስቁ አይቻለሁ። እኔ ሁሉንም አልያዝኩትም። የሳቁበትን ቦታ ሁሉ ይንገሩኝ» አለኝ። ነገርኩት። እየነገርኩት እየጨመረ ይጠይቀኝ ነበር። እንደዚያ አጥብቆ የሚጠይቅ የተማረ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ከወር በኋላ ጽዳቱን ለሌላ ሴት አስረክቤ የመሣሪያው ሠራተኛ ሆንኩ።

ሥራውን ውሎ አድሮ ነው የለመድኩት። ሰው ሲገባ መጀመሪያ አስቀምጠዋለሁ፤ ቆሞ የሚናገር ሰው ይቸኩላል። ሴት ከሆነች ነጠላዋ አፏ ላይ ነው። በትልቅ ሰው ፊት አፍን ሸፈን ማድረግ ጨዋነት ነው፤ ድምፁ ግን ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ነጠላዋን አልነካባትም። የራሴን ነጠላ ከአፌ ዝቅ ሳደርግ እሷም ዝቅ ታደርጋለች። በበሽተኛው ቦታ የሚመልሰውን ዘመድ አላስወጣውም፤ ካስወጣሁት በሽተኛው ይፈራል። ከኋላ አስቀምጬ የሚይዘው ነገር እሰጠዋለሁ፤ በትር ወይም የበሽተኛውን ጫማ። እጁ ነገር የያዘ ሰው አፉ ትንሽ ያርፋል።

መሣሪያውም ተለወጠ። በፊት «ተናገር» ለማለት ጢን የሚል ድምፅ ነበረው። የአገሬ ሰው ጢን ሲል ዝም ይላል፤ እየተናገርክ ጢን ካለብህ ዝም በል የተባልክ ነው የሚመስለው። ያንን አወጡና «እሺ፣ እየሰማሁ ነው» እንዲል አደረጉት። በመጀመሪያ እሱ ራሱ ሰላምታ እንዲያቀርብ፣ እስኪመለስለትም እንዲጠብቅ፣ ምስጋናውንም ለሐኪሙ እንደ በሽታ እንዳያቀርበው አደረጉ። ወጣቷን «አንቺ»፣ ሽማግሌውን «አንቱ» ማለት ተማረ። ከሁሉ የወደድኩት ግን የተናገሩትን መልሶ ማሰማቱን ነው። «ምች የሚባል ሰው መታኝ ብለሻል፤ ልክ ነው?» ሲል ሴትዮዋ ራሷ ስቃ ታርመዋለች።

በዚያ ሰሞን ብርቱካን ከትምህርት ቤት ስትመጣ የቀኑን ጉድ አወራላት ነበር። ትንፈራፈራለች በሳቅ። ጥሩ ዘመን ነበር።

ሰልፉ ግን አላጠረም። አንድ ሰው «ከመቼ ጀምሮ ያምሃል?» ሲባል «የዛሬ ዓመት ከሚካኤል ማግስት ከወፍጮ ስመለስ፣ አህያዋ ገደል ገባችብኝና እሷን ላወጣ ስል…» ብሎ ነው የሚጀምረው። አያ ድረስ ቢሆኑ አህያዋን አስቀርተው ወገቡን ይወስዱ ነበር። መሣሪያው ሁሉንም ይዞ መሃል ላይ ይጠፋበታል። ሐኪሞቹ አጉረመረሙ። ተሰብስበን መከርን፤ ጥያቄው በትንሽ በትንሹ ተቆርሶ፣ በሽተኛው አዎ ወይም የለም ብቻ እንዲል ይሁን ተባለ። ለሰውም ይቀለዋል፣ ለመሣሪያውም ይቀለዋል አልን። እኔም ጥሩ ነው ብያለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ለሚጠብቀው ሁሉ «በአጭሩ መልሱ፤ አታርዝሙ» እያልኩ አስተማርኩ። ሠራ። ከምሳ በፊት የምናስተናግደው ሰው እጥፍ ሆነ። አንድ ስህተት እንኳ አልተገኘበትም፤ መምህር ብሩክ ደጋግሞ ፈትሾታል።

ዛሪማ አክስቴ ሞተችና ለለቅሶ ልሄድ ሆነ። «ይሂዱ እትዬ ጥሩ፤ ያለ እርስዎም ይሠራል» አለኝ መምህር ብሩክ። እኔም አመንኩት። ከበሽተኛው ኋላ ያለው ወንበሬ ባዶ ሆነ።

እኔ በሌለሁበት ነው እናኑ የገባችው። ከጃናሞራ የመጣች ሴት ናት፤ ነፍሰ ጡር። እግሯ ቆስሎ አመርቅዞ ትኩሳት ይዟት ነበር። መሣሪያው «መርፌ ተወግተሽ ወይም ክኒን ውጠሽ ሰውነትሽ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮሽ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃት። እናኑ አዎ አለች፤ ወደ ውስጥ። መሣሪያው አልሰማትም። ደግሞ ጠየቃት። ደግሞ አዎ አለች። መሣሪያው ዝም ያለ ሰው የሚመልሰው የለውም ብሎ «የለም» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። ሐኪሙ ዓይኑ መሣሪያው ላይ ነበር። ፊቷን ቢያይም ያን ትንፋሽ አያውቀውም፤ አዲስ ሰው ነው። መርፌ ታዘዘላት፤ እንደተወጋችም ሰውነቷ አብጦ ትንፋሽ አጠራት።

እናኑን እንደምንም አተረፏት። የያዘችውን ልጅ ግን አላተረፉትም።

ከዛሪማ ስመለስ ነው የሰማሁት። ወደ ተኛችበት ሄጄ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እናቷ እግሯን ይዘው ነበር። እናኑ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው እትዬ፣ ያ ነገር ደንቆሮ ነው?»

«ጠይቆሽ ነበር?»

«ጠየቀኝ እንጂ። ሸጋ አድርጎ ጠየቀኝ። ከዚህ በፊት ዓይኔ እስኪጠፋ አብጬ አውቃለሁ፤ አዎ አልኩት። ደግሞ ሲጠይቀኝ አላመነኝም ይሆን ብዬ ደግሜ አዎ አልኩት።»

«እንዴት አድርገሽ ነው አዎ ያልሽው?»

«አዎ እንዴት ይባላል? አዎ ነዋ» አለችና አየር ወደ ውስጥ ሳበች።

እናቷ «እኔስ ደጅ ሆኜ ምን ልስማ» እያሉ እግሯን ማሸት ቀጠሉ። ያን ሳብ ስትል እኔ ሰምቻታለሁ፤ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለችውም ሰምታታለች። የአገሬ ሰው የሆነ ሁሉ ይሰማው ነበር።

መምህር ብሩክ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ማራኪ ቢሮው አስጠራኝና ቀድሞ የተፈተሸውን፣ አንድም ስህተት ያልተገኘበትን፣ ክፍሉ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ከፈተው። «ይስሙ» አለኝ። ጥያቄው ይሰማል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ አንድ የሴት ድምፅ ቀስ ብሎ «አዎ» ይላል። ሌላውን ከፈተ። ጥያቄ፣ ዝምታ፣ «አዎ»። ሌላውን ከፈተ። በሽተኛው ወንድ ነው፤ አዎ ያለችው ግን ያችው ሴት ናት።

«ይህቺ ማን ናት?» አልኩት።

«እርስዎ ነዎት» አለኝ።

የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም ነበር። የአያ ድረስን ልማድ ወርሼ፣ ሰው አየር በሳበ ቁጥር ከኋላው ሆኜ «አዎ» እል ኖሯል። እንደምል አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ማንም ልብ አላለውም፤ መሣሪያው ብቻ ነው ልብ ያለው።

«የከረመው እርስዎን ሲሰማ ነው» አለኝ መምህር ብሩክ። ራሱን በእጁ ይዞ ነበር። «ዝም ያለን ሰው የለም እንዳለ ቆጥሮ እንዲያልፍ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። እሱ የእኔ ነው፤ እርስዎ አይውሰዱት።»

እሱን በዚያው ሳምንት አስተካከሉት። ከዚያ ወዲያ መልስ ካልሰማ መሣሪያው ቆሞ ሐኪሙን ይጠራል፤ በገዛ እጁ አይወስንም። ግን ያን ትንፋሽ ራሱን እንዲሰማ እናስተምረው ብለን ብዙ ደከምን። መሣሪያው የሚሰማውን ድምፅ አስቀድሞ ያበጥረዋል፤ የንፋስ፣ የወንበር፣ የሳል ድምፅ አውጥቶ ይጥላል። ትንፋሹም ከእነሱ ጋር እንደ ገለባ ይጠረጋል። እሱን ለይቶ እንዲያስቀር የብዙ ሰው ትንፋሽ መቅዳት ነበረብን።

ሰው ሰበሰብኩ፤ የማውቃቸውን፣ ከገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ። ተማሪዎቹ «እንግዲህ አየር ሳብ አድርገው አዎ ይበሉ» ይላሉ። አይወጣም። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ እንደ ጠጅ ይምገዋል። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ምንም ሳትጠይቁኝ ምኑን ላረጋግጥ?» አሉ። ልክ ናቸው። እውነተኛ ጥያቄ ስንጠይቃቸው ወዲያው መጣ። «ከወገራ ነዎት?» ሳብ። «ልጅ ድረዋል?» ሳብ።

አንደኛው ተማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ሞከረ። ላም የሌላትን ሴት «ላም አለሽ ወይ ስልሽ እንዳለሽ አድርገሽ መልሺ» አላት። «አዎ አለኝ» አለች በአፏ፣ ቀላል ነው። ወደ ውስጥ በይው ሲላት ግን ልትለው አልቻለችም። ሞከረች፣ ሳቀች፣ ተወችው። ሌሎችንም ሞከርን። የሌለን ነገር ሁሉም በአፉ አለኝ ይላል፤ ወደ ውስጥ ግን አንድም ሰው አልሆነለትም። ለሁሉ ሰው እንዲህ ይሁን አይሁን አላውቅም። ያየሁትን ነው የምናገረው። ያኔ ገርሞኝ ብቻ አለፈ።

ሥራው አላለቀም። ከበላይ ያሉት ጊዜ የለም አሉ። መሣሪያው ላይ በጣት የሚነካ አረንጓዴና ቀይ መጫኛ ተደረገ፤ አረንጓዴው አዎ፣ ቀዩ የለም። ቀለም የሚያደናግረው ደግሞ አፉን ሞልቶ አዎ እንዲል ይለማመድ ተባለ። ያለማመድኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሰልፈኛውን ሰብስቤ «ሳብ አታድርጉ፤ አዎ በሉ» እላለሁ። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ አራሷ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላሉ። አንድ የአርማጭሆ ሰው «በስተርጅና ፊደል አስቆጠርሽን» ብሎ አሳቀን። ጥያቄው አልቆ ትንሽ ቆም በሉ፤ ከዚያ አዎ፤ ከዚያ ያረጋገጣችሁትን ድገሙት፤ «አዎ፣ ያመኛል»፣ «አዎ፣ በልቻለሁ»። ይህን ያህል ነው ትምህርቱ። ከዚያ ወዲህ እንደ እናኑ የተጎዳ ሰው አልሰማሁም። ይህን መካድ አልችልም። ሥዕል ያለበት ማስተማሪያ ተሠርቶ መሣሪያው ራሱ ሰውን ማለማመድ ሲጀምር፣ እኔ ጋቢዬን ለበስኩ።

ብርቱካን ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ፒያሳን ስትዞር ከረመች። ጓደኛዋ ዓረብ አገር ነበረች፤ ጠራቻት። አትሂጂ አልኳት፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ። «እማ፣ እዚህ ተቀምጬ ምን ልሁን?» አለችኝ። ቋንቋውን እንዴት ትሆኛለሽ ስላት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። በአማርኛ ትናገራለች፣ በዓረብኛ ይናገራል። የእኛ መሣሪያ አይደለም፤ የሌላ አገር ሰዎች የሠሩት ነው። አረንጓዴ መጫኛ የለውም። እየሰማሁ ነው አይልም። መልሶ አያሰማም።

እናኑ ትዝ አለችኝ። እመቤቷ ጠይቃት ልጄ ወደ ውስጥ አዎ ብትል፣ እዚያ ዝም አለች ይባላል። ናቀችኝ ይሏታል። ታመሻል ወይ ሲሏትስ? መቱሽ ወይ የሚላት ሰው ቢገኝስ?

ስለዚህ እስክትሄድ ድረስ እቤት ውስጥ አለማመድኳት። አየር ስትስብ «አልሰማሁም» እላታለሁ። «በሩን ዘጋሽው?» ሳብ። «አልሰማሁም።» «አዎ፣ ዘግቼዋለሁ» ትላለች እየሳቀች። ጎረቤቴ የሺ «ቤታችሁ ችሎት ሆነ እንዴ? ምስክር ነው የምታጣሪው?» ብላ ስቃብናለች። ብርቱካን ፈጣን ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲመጣባት የኖረውን ነገር በጥቂት ቀን ተወችው። ኮራሁባት። አውቶቡስ ተራ ስሸኛት «ትደውያለሽ?» አልኳት። ትንሽ ቆም አለች። «አዎ፣ እደውላለሁ» አለች።

ቃሏን አላጠፈችም፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«በልተሻል?»

«አዎ፣ በልቻለሁ።»

«እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

«አዎ፣ እተኛለሁ።»

«ሴትዮዋስ ደግ ናት?»

«አዎ፣ ደግ ናት።»

ጥርት ያለ ነው። ጥያቄው እስኪያልቅ ትጠብቃለች፣ ቆም ትላለች፣ ትመልሳለች። መሣሪያ ቢሆን አንዷን ቃል ሳይስት ይቀበላት ነበር። እኔ ግን ያቺ ላም የሌላት ሴት ትመጣብኛለች። «አዎ አለኝ» ስትል እንዴት ቀሏት ነበር። ልጄ ደኅና ትሁን አትሁን የማውቅበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱን እኔው ራሴ ነኝ ያስተውኳት።

ባለፈው እሑድ አላስቻለኝም።

«ብርቱካኔ፣ ዛሬ እንደ ድሮው መልሺልኝ» አልኳት።

«እንዴት?»

«እንደ ቤታችን። ወደ ውስጥ።»

ሳቀች። «እማ ደግሞ። አንቺው አይደለሽ የከለከልሽኝ?»

«ዛሬ ፈቅጄልሻለሁ። ደኅና ነሽ ወይ?»

ስልኩ ጸጥ አለ። አልተቋረጠም፤ ከኋላዋ አንዲት ሴት በዓረብኛ ስትጣራ ይሰማኛል። ስልክም እንደ መሣሪያው ትንፋሽን አበጥሮ እንደሚጥል መምህር ብሩክ ነግሮኛል። ሳበች ይሆን? ወይስ አቃታት? ጆሮዬን እስኪያመኝ ስልኩ ላይ አጣበቅኩት። የምትጣራዋ ሴት ድምፅ እየቀረበ መጣ።

«ሰማሽኝ እማ?» አለች ልጄ።

«ሰማሁሽ» አልኳት።